ቡና እና አቦል (ኮከብና ፕላኔት)

ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚገኝ፣ ከምድር ወደ 195 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ኮከብ ነው። በከዋክብት መዝገብ ያለው መለያው ኤችዲ 16175 ነው። አቦል ደግሞ ይህን ኮከብ የሚዞር ግዙፍ ፕላኔት ሲሆን የመዝገብ መለያው ኤችዲ 16175 ቢ ነው። የኮከቡም የፕላኔቱም ስም እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደ ዓለም አቀፍ የስያሜ ዘመቻ ከኢትዮጵያ የቀረበ ነው። ስለ አቦል የሚታወቀው በዋነኛነት የተገኘው ፕላኔቱን በማየት ሳይሆን የኮከቡን ብርሃን ለዓመታት በመለካት ነው።

ስያሜ

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። 100ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ በ2019 እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና እርሱን የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። በዘመቻው 112 አገሮችና ከ780,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ለየአገሩ የተመደበው ኮከብ ከዚያ አገር ሰማይ ላይ የሚታይና በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ሊገኝ የሚችል እንዲሆን ተደርጓል። ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 17 ቀን 2019፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

ለኢትዮጵያ በደረሰው ሥርዓት ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። አቦል በቡና ማፍላት ሥርዓት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀዳው፣ ከሦስቱ ሁሉ ጠንካራው ቡና ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ቶና፣ በመጨረሻም በረካ ይመጣሉ። በዘመቻው ደንብ መሠረት የኮከቡና የፕላኔቱ ስሞች በአንድ ጭብጥ ሥር መሆን ነበረባቸው፤ ይህም ወደፊት በዚያው ሥርዓት ሌላ አካል ቢገኝ ስሙ ከተመሳሳይ ጭብጥ እንዲወጣ ታስቦ ነው። በዚህ ረገድ የቡና ሥርዓት ተከታታይ ስሞች ያሉት በመሆኑ ለደንቡ የሚመች ነበር።

«ቡና» የሚለው ቃል በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የተለመደ ነው። በወለጋ ቡና ዋነኛ የገቢ ምንጭ ከሆኑት ሰብሎች አንዱ ሲሆን፣ ከነቀምቴ አካባቢ የሚወጣው ቡና «ለቀምት» በሚል ስም በዓለም ገበያ ይታወቃል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዲጋም ቡና ይመረታል። በምዕራብ ኦሮሞ ቡና በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርብበት «ቡና ቀላ» የተባለ ጥንታዊ ልማድም አለ።

በዚያው ዘመቻ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ከባህላቸውና ከመልክዓ ምድራቸው ስም አውጥተዋል። ቡርኪና ፋሶ ኮከቧንና ፕላኔቷን በወንዞቿ በሙሁንና በናካንቤ ሰይማለች። ናይጄሪያ ኮከቡን አማዲዮሃ፣ ፕላኔቱን ኢኩያኖ ብላለች።

ኮከቡ

«ኤችዲ» የሚለው መለያ የመጣው በሄንሪ ድሬፐር ስም ከተጠራው የከዋክብት መዝገብ ነው። መዝገቡ በሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ጣቢያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከዋክብቱን በብርሃናቸው ዓይነት የመደበችው አኒ ጃምፕ ካነን ናት። ቡና በዚህ አመዳደብ የጂ ዓይነት ኮከብ ነው፤ ፀሐይም የምትመደበው በዚሁ ነው።

ቡና የፀሐይ ዘመድ ይሁን እንጂ ከእርሷ በብዙ ነገር ይበልጣል። መጠነ ቁሱ የፀሐይን 1.3 እጥፍ ያህል ነው። የሚያመነጨው ብርሃን ደግሞ ከፀሐይ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። የገጹ ሙቀት 6,000 ኬልቪን ገደማ በመሆኑ ከፀሐይ (5,772 ኬልቪን) ጥቂት ሞቅ ይላል። በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጅን ወደ መጨረስ የተቃረበ፣ መጠኑም መስፋት የጀመረ «ንዑስ ግዙፍ» ኮከብ ነው። ፀሐይም ከብዙ ቢሊዮን ዓመታት በኋላ ይህን ደረጃ ታልፋለች።

ሌላው የቡና መለያ የብረት ክምችቱ ነው። በሥነ ፈለክ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የከበዱ ንጥረ ነገሮች ሁሉ በጥቅሉ «ብረታ ብረት» ይባላሉ። በቡና ውስጥ ያለው የብረት መጠን ከሃይድሮጅኑ አንጻር ሲሰላ ከፀሐይ 2 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ለፕላኔት ፈላጊዎች ትርጉም አለው። ኮከብና ፕላኔቶቹ የሚወለዱት ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ደመናው በከባድ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ሲሆን የፕላኔት እምብርት የሚሠራበት ጠጣር ነገር ይበዛል። እምብርቱም ቶሎ ከገዘፈ ጋዙ ሳይበተን በፊት ብዙ ጋዝ ስቦ እንደ ጁፒተር ያለ ግዙፍ ፕላኔት ይሆናል። በእርግጥም በርካታ ከዋክብት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ግዙፍ ፕላኔቶች በብረት በበለጸጉ ከዋክብት ዙሪያ በብዛት ይገኛሉ።

የአቦል መገኘት

ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያው ፕላኔት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎዝ በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ የሥነ ፈለክ ጣቢያ 51 ፔጋሲ የተባለውን ኮከብ የሚዞር ፕላኔት አገኙ። ለዚህም ሥራቸው በ2019 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ከእነርሱ በኋላ በየአገሩ ፍለጋው ተስፋፋ። በ2022 የተረጋገጡት ፕላኔቶች ቁጥር ከ5,000 አለፈ።

አቦል ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ግኝቱ የተገኘው በካሊፎርኒያ ሃሚልተን ተራራ ላይ ባለው የሊክ የሥነ ፈለክ ጣቢያ፣ ንዑስ ግዙፍ ከዋክብትን ብቻ መርጦ በሚከታተል የፍለጋ መርሐ ግብር ነው። ጥናቱን በዋና ጸሐፊነት ያቀረበችው ካትሪን ፒክ ናት።

ንዑስ ግዙፍ ከዋክብት የተመረጡበት ምክንያት አለ። ከፀሐይ የሚከብዱ ከዋክብት በጎልማሳነታቸው በጣም ይሞቃሉ፤ በራሳቸው ዙሪያም በፍጥነት ይሽከረከራሉ። በዚህ የተነሣ በብርሃናቸው ላይ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች ጥቂትና የደበዘዙ ስለሚሆኑ በትክክል ለመለካት ያስቸግራሉ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ይቀዘቅዛሉ፣ ሽክርክሪታቸውም ይረጋጋል፣ መስመሮቹም ይጠራሉ። ስለዚህ ከባድ ከዋክብት ፕላኔት እንዳላቸው ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ እስኪያረጁ የጠበቃቸውን ይመርጣል።

የአለካክ ዘዴ

ፕላኔት ኮከቡን ይዞራል ይባል እንጂ በትክክል ሲታይ ሁለቱም የሚዞሩት የጋራ የክብደት ማዕከላቸውን ነው። ኮከቡ እጅግ ከባድ ስለሆነ የእርሱ ዙረት ትንሽ ነው፤ ሆኖም ፈጽሞ ቆሞ አይቀርም። አንድ ጊዜ ወደ ምድር ቀረብ፣ ሌላ ጊዜ ከምድር ራቅ ይላል።

ይህን መቅረብና መራቅ የሚያሳየው የዶፕለር ክስተት ነው። በነቀምቴና ጊምቢ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ጥሩምባ እየነፋ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፁ ሲቀርብ ቀጠን ብሎ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወፈር ብሎ ይሰማዋል። ብርሃንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ምንጩ ሲቀርብ ሞገዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሳባል። የኮከቡ ብርሃን በመሣሪያ ተበትኖ ወደ ቀለማቱ ሲዘረጋ፣ በላዩ ያሉት ጥቁር መስመሮች ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጎን ይንቀሳቀሳሉ።

እንቅስቃሴው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አቦል ቡናን የሚያወዛውዘው በሴኮንድ 90 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ የመስመሮቹ መንሸራተት ከ10 ሚሊዮን 3 ያህል እጅ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቃቅን ለውጥ ለመለየት በሊክ ጣቢያ የኮከቡ ብርሃን የአዮዲን ትነት በያዘ የመስታወት ዕቃ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። አዮዲኑ ቦታቸው በትክክል የሚታወቅ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮችን በብርሃኑ ላይ ያትማል። እነዚህም እንደ ማስመሪያ ምልክት ሆነው የኮከቡ መስመሮች ምን ያህል እንደተንሸራተቱ ለመለካት ያገለግላሉ። ምድር ራሷ ፀሐይን ስትዞር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትጓዝ ይህም ተሰልቶ ይቀነሳል።

ለንጽጽር ጁፒተር ፀሐይን የሚያወዛውዘው በሴኮንድ 12.5 ሜትር ያህል ነው። ምድር ደግሞ በሴኮንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ታወዛውዛታለች። ቀደም ብለው የተገኙት ፕላኔቶች አብዛኞቹ ግዙፍ የሆኑት፣ ምድርን የመሰሉት ደግሞ ለማግኘት ያስቸገሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ምኅዋርና ሙቀት

በ2009ኙ ጥናት መሠረት አቦል ቡናን አንድ ጊዜ ለመዞር 2.71 ዓመት፣ ማለትም 990 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከኮከቡ ያለው አማካይ ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 2.1 እጥፍ ያህል ነው። አማካዩ ግን ሙሉውን ነገር አይናገርም፤ የአቦል ምኅዋር ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ሞላላ ነውና።

የምኅዋር መለጠጥ ከ0 (ፍጹም ክብ) እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል። የምድር 0.017፣ የጁፒተር 0.05 ገደማ ሲሆን የአቦል 0.59 ነው። በዚህ ቁጥር ሲሰላ አቦል ወደ ኮከቡ እጅግ ሲቀርብ ርቀቱ 130 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት (150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር) ያንሳል። እጅግ ሲርቅ ደግሞ 500 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኬፕለር ባወጣው ሕግ መሠረት ፕላኔት ወደ ኮከቡ ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ያዘግማል። አቦል በቅርቡ ጫፍ የሚኖረው ፍጥነት በሩቁ ጫፍ ካለው 4 እጥፍ ያህል ይሆናል።

ከኮከቡ የሚደርሰው ብርሃንም እንዲሁ ይለዋወጣል። ርቀት በ4 እጥፍ ገደማ ሲለዋወጥ ብርሃን በ15 እጥፍ ገደማ ይለዋወጣል። አቦል በቅርቡ ጫፍ ምድር ከፀሐይ ከምታገኘው ከ4 እጥፍ በላይ፣ በሩቁ ጫፍ ግን ሲሶ የማይሞላ ብርሃን ያገኛል። በምድር ላይ ወቅቶችን የሚያፈራርቀው የምድር ዘንግ ማዘንበል ነው። በአቦል ላይ ግን ለውጡን የሚያመጣው የርቀቱ መለዋወጥ ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ ምኅዋር እንዴት እንደሚፈጠር በተመራማሪዎች ዘንድ ሲያከራክር የቆየ ጥያቄ ነው። ፕላኔቶች ከአቧራና ከጋዝ ዝርግ ሲወለዱ ምኅዋራቸው ወደ ክብ የቀረበ እንደሚሆን ይጠበቃል። በኋላ የሚያዛባው ምክንያት አንዱ ሁለት ግዙፍ ፕላኔቶች እርስ በርስ ተቀራርበው መገፋፋታቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ አንደኛው ከሥርዓቱ ተወርውሮ ሲወጣ የቀረው የተለጠጠ ምኅዋር ይይዛል። ሌላው ምክንያት በሩቅ ያለ ከባድ ጓደኛ በስበቱ ምኅዋሩን ቀስ በቀስ ማዛባቱ ነው።

ውጤቱ ለአካባቢው ከባድ ነው። አቦል ከ130 እስከ 500 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያለውን ክልል በየ990 ቀኑ ያቋርጠዋል። በዚህ ክልል ውስጥ ምድርን የመሰለ ትንሽ ፕላኔት ለረጅም ጊዜ ተረጋግቶ ሊዞር አይችልም፤ በአቦል ስበት ይወረወራል፣ ወይም ከኮከቡ ወይም ከአቦል ጋር ይጋጫል። በሥርዓተ ፀሐይ የጁፒተር ምኅዋር ወደ ክብ የቀረበ መሆኑ ለምድር መረጋጋት የጠቀመ ነው።

የመጠነ ቁስ ጥያቄ

የአቦል መጠነ ቁስ ቢያንስ የጁፒተርን 4.4 እጥፍ እንደሚሆን በ2009 ተገልጿል። «ቢያንስ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ቁልፍ ነው። የዶፕለር ዘዴ የሚለካው ኮከቡ ወደ ምድር ወይም ከምድር የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚያደርገውን አያይም። ምኅዋሩ ከጎኑ የሚታይ ከሆነ የተለካው ቁጥር እውነተኛው ነው። ምኅዋሩ ወደ ተመልካቹ ፊቱን ባዞረ መጠን ግን እውነተኛው መጠነ ቁስ ከተለካው ይበልጣል።

ለምሳሌ ምኅዋሩ ፊት ለፊት ከሚታይበት አቀማመጥ 20 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ቢሆን የአቦል መጠነ ቁስ የጁፒተርን 13 እጥፍ ይጠጋል። ይህ ቁጥር በሥነ ፈለክ ድንበር ሆኖ ያገለግላል። ከ13 የጁፒተር መጠነ ቁስ በላይ ያለ አካል በእምብርቱ ዴውቴሪየም የተባለውን ከባድ ሃይድሮጅን ሊያነድ ስለሚችል ፕላኔት ሳይሆን «ቡናማ ድንክ» ተብሎ ይመደባል። ይሁንና ምኅዋሮች በሰማይ ላይ በዘፈቀደ የተዘበራረቁ ናቸው ተብሎ ሲሰላ እንዲህ ያለው አቀማመጥ የመከሰት ዕድሉ ከ100 6 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አቦል ፕላኔት የመሆኑ ዕድል እጅግ ያመዝናል።

ማዘንበሉን ለማወቅ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ የሚያስከትለውን የብርሃን መቀነስ መለካት ነው። ነገሩ ከፀሐይ ግርዶሽ ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2020 (ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.) ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ ቀለበታዊ ግርዶሽ ስትፈጥር መስመሩ ምዕራብ ወለጋን አቋርጦ በጎጃም በኩል ወደ ላሊበላ አልፏል። ጨረቃ ለምድር ቅርብ ስለሆነች ፀሐይን ልትሸፍናት ጥቂት ቀርቷት ነበር። እንደ ጁፒተር የሰፋ ፕላኔት በቡና ፊት ቢያልፍ ግን የኮከቡ ብርሃን የሚቀንሰው ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ ባልሞላ መጠን ነው። ምኅዋሩ ሰፊ በመሆኑም አቦል በትክክል በምድርና በቡና መካከል የማለፍ ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ሁለተኛው መንገድ ኮከቡ በሰማይ ላይ ወደ ጎን የሚያደርገውን ጥቃቅን ውዝዋዜ መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የመጠቀው ጋያ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት ቦታ በመለካት ለዚህ ዓይነቱ ጥናት መሠረት ጥሏል። እንደ አቦል ያለ ከባድና ሰፊ ምኅዋር ያለው ፕላኔት ለዚህ ዘዴ ይመቻል።

ለሕይወት አመቺ ቀጠና

እ.ኤ.አ. በ2016 በሮድሪጎ ዲያዝ የተመራ ቡድን በሊክ የተሰበሰበውን መረጃ፣ በኦት ፕሮቫንስ ጣቢያ ሶፊ በተባለው መሣሪያ ከተገኘው ጋር አጣምሮ የአቦልን ምኅዋር እንደገና አሰላ። ሁለቱ መረጃዎች በአንድነት ከ10 ዓመት በላይ ስለሚሸፍኑ ውጤቱ ከቀድሞው የጠራ ሆነ።

ቡድኑ አቦል በኮከቡ «ለሕይወት አመቺ ቀጠና» ውስጥ እንደሚገኝ ጠቅሷል። ይህ ቀጠና በድንጋያማ ገጽ ላይ ውኃ ሳይተንና ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ የሚችልበት ርቀት ነው። ምኅዋሩ የተለጠጠ ስለሆነ አቦል ከቀጠናው ወጣ ገባ ይላል፤ በአንድ ሙሉ ዙረት የሚያገኘው ብርሃን ተደምሮ ሲካፈል ግን ምድር ከምታገኘው ብዙም አይርቅም።

አቦል ራሱ እንደ ጁፒተር በአብዛኛው ጋዝ እንደሆነ ስለሚታሰብ የሚቆምበት ገጽ የለውም። ጥያቄው ያለው ጨረቃዎች ቢኖሩት በእነርሱ ላይ ነው። ጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች አሏት፤ ከእነርሱ አንዷ ዩሮፓ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር የጨው ውኃ ውቅያኖስ እንዳላት ይታመናል። በአቦል ዙሪያ በቂ መጠነ ቁስና ከባቢ አየር ያለው ጨረቃ ቢኖር፣ በቅርቡ ጫፍ ሞቆ በሩቁ ጫፍ ቢቀዘቅዝም ውኃውን ሊጠብቅ ይችል እንደሆነ በስሌት የሚመረመር ጉዳይ ነው።

ከኢትዮጵያ ሰማይ

ቡና በዓይን ብቻ አይታይም። ድምቀቱ 7ኛ ደረጃ ሲሆን የሰው ዓይን በጨለማ ሰማይ የሚያየው እስከ 6ኛ ደረጃ ገደማ ነው። በተራ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ግን ሊገኝ ይችላል።

ቦታውን ለማግኘት ሁለት ደማቅ ከዋክብት ይረዳሉ። አንደኛው በአንድሮሜዳ ያለው አልማክ፣ ሁለተኛው በፐርሲየስ ያለው አልጎል ነው። ቡና በሁለቱ መካከል፣ በግማሽ መንገድ ላይ ይገኛል። ዲጋና ነቀምቴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ ቡና ከዚያ ሲታይ ከፍተኛ ቦታው በሰሜን በኩል ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ እዚህ ከፍታ ላይ የሚደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ወለጋ ረጅም ክረምት ያለበት አካባቢ በመሆኑ በሌሎቹ ወራት ደመና ያስቸግራል። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ ይጠራል፤ ጊዜው የቡና ለቀማም ወቅት ነው።

የሚታየው ብርሃን የዛሬ አይደለም። ስያሜው በወጣበት ዓመት ምድር የደረሰው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው በ1820ዎቹ፣ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 30 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው።

ምርምር በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በአዲስ አበባ አቅራቢያ በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ይህም በኋላ ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። በኢንስቲትዩቱ ስለ ጋላክሲዎች ምርምር ያደረገችውና ተማሪዎችን ያሠለጠነችው ሚርያና ፖቪች እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር የጆስሊን ቤል በርኔል የማነቃቂያ ሜዳሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀብላለች።

የቡናና የአቦል ስም ይፋ ከሆነ ከሦስት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጥቃለች። የመሬት መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ የተተከለው በዚያው በእንጦጦ ነው።

እንጦጦ ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኑ ለሥልጠና ቢጠቅምም የከተማው መብራት ደካማ ከዋክብትን ያደበዝዛል። በዚህ ምክንያት በላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍተኛ ተራሮች ለሌላ ጣቢያ ተመራጭ ሆነው ሲጠኑ ቆይተዋል። ብዙዎቹ የዓለም ትልልቅ ጣቢያዎች ከምድር ወገብ ርቀው ስለተተከሉ አንዱ የሰሜኑን፣ ሌላው የደቡቡን ሰማይ በከፊል ብቻ ያያል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ግን ከአንድ ቦታ ሆኖ የሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ሰማይ አብዛኛውን ክፍል መከታተል ይቻላል። እንደ አቦል ዙረታቸው ዓመታት የሚፈጅ ፕላኔቶችን ለመከታተል ደግሞ በተለያየ የምድር ክፍል ያሉ ጣቢያዎች ልኬት እየተጠራቀመ መሄዱ ያስፈልጋል።